ወንዙን ከቱቦው አፍ ላይ መጠበቅ፦ የውሃ ብክለትን በሕግና በማጣሪያ ለመከላከል የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

የቦርከና ወንዝ ከደሴ ዙሪያ ከፍታዎች ተነሥቶ፣ በከተማው መካከል አልፎ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ እዚያም እንደ ሌዮሌ ያሉ ጅረቶችን ከነተሸከሙት ተቀብሎ በሐርቡና በከሚሴ በኩል የጨፋን ረግረግ ያጠጣና በመጨረሻ ከአዋሽ ይቀላቀላል። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ የላይኛው የደፋውን የታችኛው ይቀዳዋል፣ ከብቱን ያጠጣበታል፣ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን ያለማበታል። የብክለት ነገር በተነሣ ቁጥር ታዲያ ዓይን ሁሉ ወደ ወንዙ ይዞራል፤ ሆኖም ወንዝ ውስጥ አንዴ የገባውን ቆሻሻ መልሶ ለማውጣት የሚያስችል አቅም በተግባር የለም። ሕጉ አጥፊውን ለመያዝ የሚችለውም፣ ማጣሪያው ሊሠራ የሚችለውም ፍሳሹ ከግቢ በሚወጣበት ቱቦ አፍ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ወደዚያው ነጥብ የሚያመሩ ሲሆኑ፣ የተጻፉትም ለታችኛው ተፋሰስ ነዋሪ፣ ለፋብሪካ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያና ለከተማ አስተዳደር ሠራተኛ ነው።

ደረጃ 1፦ የፍሳሹን መንገድ በእግር ተከትሎ መመዝገብ

ከሁሉ በፊት ቅሬታ ያቀረበው ወገን ፍሳሹ ከየት እንደሚነሣና በየት በኩል እንደሚገባ በወረቀት ላይ ማስፈር አለበት። «ፋብሪካዎቹ ወንዙን በከሉት» የሚል አቤቱታ የትኛው ግቢ፣ በየትኛው ቱቦ፣ በስንት ሰዓት የሚለውን ስለማይመልስ መዝገብ ቤት ውስጥ ከመቀመጥ አያልፍም። ስለዚህ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እየወጡ እያንዳንዱን ቱቦ፣ ቦይና የተሸፈነ መስመር መመዝገብ፣ ፎቶግራፍ ማንሣትና የስልኩን የቦታ መጠቆሚያ ቁጥር አብሮ መጻፍ ያስፈልጋል። በዚህ ጉዞ ላይ የመስኖውን የውሃ አባትና ከብት የሚጠብቁ ልጆችን ይዞ መሄድ ከማንኛውም ካርታ ይበልጣል፤ ውሃው በየትኛው ሰዓት እንደሚደፈርስ፣ በየትኛው ቀን አረፋ እንደሚያወጣ፣ ከብቶቹ የትኛውን ቦታ አሽትተው እንደሚመለሱ ጠንቅቀው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ያልታከመ ፍሳሽ ብዙ ጊዜ የሚለቀቀው ሌሊት ወይም ዝናብ ሲጥል በመሆኑ የእነዚህ ሰዎች ምስክርነት ናሙና የሚወሰድበትን ሰዓት ለመምረጥ ይረዳል።

ደረጃ 2፦ ናሙና በአግባቡ መውሰድ

አብዛኛው ክርክር የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ናሙና ቢያንስ ከሦስት ቦታ ይወሰዳል፦ ፍሳሹ ከሚገባበት ቦታ በላይ፣ ከራሱ ከቱቦው አፍ፣ እንዲሁም ፍሳሹና ወንዙ በደንብ ከተቀላቀሉ በኋላ ወደ ታች ወረድ ብሎ። የላይኛው ናሙና ከሌለ ፋብሪካው «ውሃው ድሮም ተበክሎ ነው የመጣልኝ» ቢል መልስ አይኖርም፤ ከደሴ በታች ባለ ወንዝ ላይ ደግሞ ይህ መልስ ሁልጊዜ ውሸት ነው ማለት አይቻልም። ሥራው የሚጀመረው ከታችኛው ነጥብ ሲሆን፣ ቀጂው ፊቱን ወደ ውሃው መምጫ አዙሮ ይቆማል፤ ይህ ካልሆነ በእግሩ የቀሰቀሰው ደለል ወደ ጠርሙሱ ይገባል።

ጠርሙሱም እንደ ምርመራው ዓይነት ይለያያል። ለባክቴሪያ ምርመራ ከላቦራቶሪ የተሰጠ፣ ከጀርም የጸዳ ጠርሙስ ያስፈልጋል፤ ይህ ጠርሙስ በወንዙ ውሃ አይለቀለቅም፣ የክዳኑም ውስጠኛ ክፍል በጣት አይነካም። ናሙናው በበረዶ ሣጥን ተይዞ በ6 ሰዓት ውስጥ፣ ካልተቻለም ቀኑ ሳያልፍ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። እንደ ክሮም ላሉ ብረታ ብረቶች የሚወሰደው ናሙና ደግሞ ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ) ከ2 በታች እስኪወርድ ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል፤ ይህ ካልተደረገ ብረቱ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ስለሚለጠፍ ውጤቱ ከእውነቱ አንሶ ይወጣል። ፒኤች፣ ሙቀትና በውሃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ግን እዚያው ወንዙ ዳር ይለካሉ፤ መንገድ ላይ ስለሚለዋወጡ ላቦራቶሪ ደርሶ መለካቱ ዋጋ የለውም።

በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ቦታው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና የቀጂው ስም ይጻፋል፤ ጠርሙሱ ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቁጥርም ተቀባዩ ፈርሞ ይወስዳል። ነዋሪዎች በራሳቸው የሚያሠሩት ምርመራ ለመነሻ ይጠቅማል፤ በፍርድ ቤት ክብደት የሚኖረው ግን የአካባቢ ጥበቃ ተቆጣጣሪ የወሰደው ናሙና በመሆኑ የመጀመሪያው ውጤት ዋና ጥቅም ተቆጣጣሪውን በትክክለኛው ሰዓት ወደ ትክክለኛው ቱቦ ማምጣት ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ስላለው የባለሙያ ምክር ለማግኘት ከዚያ መጀመር ይቻላል።

ደረጃ 3፦ ቁጥሩን ማንበብ

የምርመራ ወረቀት ላይ በመጀመሪያ መታየት ያለበት ፒኤች ነው፤ የፋብሪካ ፍሳሽ በአብዛኛው ከ6 እስከ 9 ባለው ውስጥ እንዲሆን ይጠበቃል። ቀጥሎ የሚመጣው ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ለማብላላት የሚፈጁት የኦክስጅን መጠን፣ በባለሙያዎች ዘንድ ቢኦዲ የሚባለው ነው። ይህ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ወንዙ ለዓሣና ለሌላ ሕይወት የሚተርፈው ኦክስጅን ያንሳል።

እዚህ ላይ የወሎ ከፍታ ራሱ ወደ ሂሳቡ ይገባል። በባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ንጹሕ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ በሆነችው ኮምቦልቻ ግን አየሩ የሳሳ ስለሆነ መጠኑ ከ7 ሚሊግራም ብዙ አይዘልም። ወንዙ ገና ሲነሣ የያዘው ስንቅ አነስተኛ ነው ማለት ነው፤ ለቆላ ወደብ ከተማ የሚበቃ ጥንቃቄ እዚህ አይበቃም። የማጣሪያ ጣቢያ አየር መንፊያዎችም በዚሁ ምክንያት አምራቹ በጽሑፍ ከሰጠው አቅም በታች ይሠራሉ፤ ይህን ሳያሰሉ የተገዙ ማሽኖች በሙሉ ኃይል እየዞሩ እንኳ ገንዳውን ኦክስጅን ሊያጠግቡት አይችሉም።

ሌላው የሚዘነጋው ጉዳይ በሊትር የሚለካውና በቀን የሚለካው ልዩነት ነው። ለምሳሌ አንድ ፋብሪካ በቀን 200 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ቢለቅና የፍሳሹ ቢኦዲ በሊትር 500 ሚሊግራም ቢሆን፣ በየቀኑ 100 ኪሎ ግራም ወደ ወንዙ ይገባል። በበጋ ወንዙ በሰከንድ 50 ሊትር ብቻ የሚፈስ ከሆነ ይህ ጭነት በእያንዳንዱ ሊትር 22 ሚሊግራም ያህል ይደርሳል፤ በክረምት በሰከንድ 2,000 ሊትር ሲፈስ ግን ከ1 ሚሊግራም በታች ይሆናል። ፋብሪካው ምንም አልለወጠም፤ የተለወጠው ወንዙ ነው። ስለዚህ በነሐሴ የተወሰደ መልካም ውጤት ለማንም ማስረጃ ሊሆን አይገባም። በተመሳሳይ መንገድ የጉድጓድ ውሃ ጨምሮ ፍሳሹን ማቅጠን በሊትር ያለውን ቁጥር ያሳምራል እንጂ ከመቶው ኪሎ አንዱንም አይቀንስም፤ ተቆጣጣሪ የፋብሪካውን የውሃ ቆጣሪ ንባብ ከምርት መጠኑ ጋር ካስተያየው ይህን ማታለል በቀላሉ ያገኘዋል።

ደረጃ 4፦ ሕጉን በቅደም ተከተል መጠቀም

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህን መብት ወደ ተግባር የሚያወርዱት ሌሎች ሕጎች ናቸው። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ፍሳሽን ወደ ውሃ አካል ለመልቀቅ ፈቃድ እንዲኖር ያስገድዳል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደረጃ አልፎ መበከልን ይከለክላል፣ የበከለውም እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያደርጋል፤ የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159/2001 ደግሞ ፋብሪካዎች የሚለቁትን እየተከታተሉ መዝገብ እንዲይዙ ግዴታ ይጥላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 519 አካባቢን መበከልን በጽኑ እስራት ጭምር የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል።

ከእነዚህ ሁሉ ለተራው ነዋሪ ትልቁ መሣሪያ የአዋጅ ቁጥር 300 አንቀጽ 11 ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት ያደረሰ ወይም ሊያደርስ የሚችል ሰው ላይ ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም አግባብ ላለው የክልል የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው አቤት ባዩን ካላረካው፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም ጊዜው ካለፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ክስ መመሥረት ይቻላል። ማስረጃ ያለው ጉዳይም ቀኑ ካለፈበት ሊሞት ስለሚችል አቆጣጠሩን በግልጽ እናስቀምጠው፦ አቤቱታው ጥር 5 ገቢ ከሆነ ሠላሳው ቀን የካቲት 5 ይሞላል፣ ክስ የሚመሠረትበት ስድሳው ቀን ደግሞ ሚያዝያ 5 ያበቃል። ወራችን እኩል 30 ቀን መሆኑ ሥራውን ያቀለዋል፤ ክረምት ላይ የተጀመረ ጉዳይ ግን የጳጉሜን ቀናት መርሳት የለበትም።

አቤቱታው ለወረዳው ወይም ለከተማው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ብቻ ከተሰጠ ቀኑ መቼ እንደጀመረ ሊያከራክር ይችላል። ስለዚህ ዋናውን ለክልሉ መሥሪያ ቤት አድርሶ ለወረዳው በግልባጭ ማሳወቅ ይሻላል፤ በሁለቱም ቦታ የመዝገብ ቤት ገቢ ቁጥርና ቀን ያለበት ቅጂ ተቀብሎ መያዝ ግድ ነው። በቃል «እናየዋለን» ተብሎ የተመለሰ ሰው አቤት ማለቱን በሕግ ፊት ለማስረዳት ይቸገራል። የአቤቱታው ፍሬ ነገር የሚከተለውን ይመስላል፦

«እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ በታች የሰፈረው የ… ቀበሌ ነዋሪዎች፣ ከ… ግቢ በስተ ምሥራቅ ከሚወጣው ቱቦ ጥቁር ሰማያዊ ቀለምና የሚከነክን ሽታ ያለው ፍሳሽ ከ… ቀን ጀምሮ፣ በተለይም ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት፣ ወደ … ጅረት እየተለቀቀ መሆኑን እናመለክታለን። የቦታው ፎቶግራፍና የናሙና ውጤት ተያይዟል። መሥሪያ ቤቱ በአዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት በተጠቀሰው ሰዓት ድንገተኛ ቁጥጥር አድርጎ ውሳኔውን በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያሳውቀን እንጠይቃለን።»

«ድንገተኛ» የሚለው ቃል በከንቱ የገባ አይደለም። አዋጁ ለተቆጣጣሪዎች ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ግቢ የመግባትና ያለ ክፍያ ናሙና የመውሰድ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል፤ በደብዳቤ ቀጠሮ ተይዞ የሚደረግ ጉብኝት ግን የሚያገኘው የታጠበ ቦይ ነው። ከዚሁ ጋር የፋብሪካው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነድ እንዲታይ መጠየቅ ይገባል፤ በ1995 የወጣው የተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ሰነዱ ለሕዝብ ተደራሽ እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰጥበት ይላል። ፋብሪካው ሲቋቋም እገነባዋለሁ ያለው ገንዳ ዛሬ አለመኖሩ ከማንኛውም ምስክር በላይ ይናገራል።

በወሎ ቅሬው (እንደ እድር ያለው የመረዳጃ ማኅበር) የሕዝቡን ፊርማ ለማሰባሰብና ወጪውን ለመጋራት የታወቀ መንገድ ነው። ሽማግሌ ልኮ ከፋብሪካው ኃላፊዎች ጋር መነጋገርም መልካም ነው፣ ብዙ ጊዜም ከክስ ቀድሞ ውጤት ያመጣል። ይሁን እንጂ ሽምግልናው የሕጉን ቀን አያቆመውም፤ ስለዚህ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሂዱ፣ የተደረሰበትም ስምምነት ማጣሪያው ተጠናቆ ሥራ የሚጀምርበትን ቀን ጠቅሶ በጽሑፍ ይፈረም።

ደረጃ 5፦ በፋብሪካው ግቢ ውስጥ ማከም

የፋብሪካ ባለቤት መጀመሪያ ማወቅ ያለበት የተለያዩ ፍሳሾችን አንድ ቦይ ውስጥ መደባለቅ ርካሽ መስሎ ውድ መሆኑን ነው። ይህ በቆዳ ፋብሪካ የሞት ጉዳይም ይሆናል። ፀጉር የሚነቀለው በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ በመሆኑ ፍሳሹ ኖራማ ነው፤ የክሮም ማልፊያው ፍሳሽ ደግሞ አሲዳማ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል፤ ጋዙ መጀመሪያ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ ሲበረታ ግን አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ ጉድጓድ ውስጥ የወረደ ሠራተኛ ሽታው የጠፋ መስሎት እዚያው ይወድቃል፣ ሊያወጣው የወረደውም ይከተለዋል። ሁለቱ መስመሮች ቆዳው ከሚታሽበት ከበሮ ሥር ጀምሮ ይለያዩ። የሰልፋይዱ ፍሳሽ ጥቂት ማንጋኒዝ ሰልፌት ተጨምሮበት አየር ሲነፋበት ይመክናል፤ የክሮሙ ፍሳሽ ደግሞ ፒኤቹ በኖራ ወይም በማግኒዥየም ኦክሳይድ ወደ 8 ወይም 9 ከፍ ሲል ክሮሙ አረንጓዴ ዝቃጭ ሆኖ ይተኛል። ይህ ዝቃጭ በሰልፈሪክ አሲድ ሟሙቶ እንደገና ለማልፊያ ይውላል። ወደ ከበሮው ከሚገባው ክሮም ሲሶ ገደማው በቆዳው ሳይያዝ የሚወጣ ስለሆነ መልሶ መጠቀሙ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ኬሚካል ማዳን ነው። ክሮም ያለበትን ዝቃጭና የቆዳ ፍቅፋቂ ማቃጠል ግን ክሮሙን እጅግ መርዛማ ወደሆነው ባለ ስድስት መልክ ሊለውጠው ስለሚችል ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዋናው ጣጣ ቀለሙ ይመስላል፤ ሆኖም ከፍተኛውን ኦክስጅን የሚፈጀው ብዙ ጊዜ ከድሩ ላይ የሚታጠበው ስታርች ነው። ፍሳሹ በመጀመሪያ በወንፊት ተጣርቶ፣ ቢያንስ የአንድ ቀን ፍሳሽ በሚይዝ ማመጣጠኛ ገንዳ ውስጥ ያርፋል፤ የጠዋቱ ኮስቲክ ሶዳና የከሰዓቱ እጣቢ እዚያ ተገናኝተው እርስ በርስ ይለዝባሉ። የቀረው ኮስቲክ በተገዛ አሲድ ፋንታ ከቦይለር ጭስ በሚገኘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊመክን ይችላል። ከዚያ በኋላ ባክቴሪያዎች የሚኖሩበት የአየር ገንዳ ይመጣል። ባክቴሪያዎቹ ለእያንዳንዱ 100 እጅ ቢኦዲ 5 እጅ ናይትሮጅንና 1 እጅ ፎስፎረስ ይፈልጋሉ፤ የጨርቃ ጨርቅ ፍሳሽ ደግሞ ናይትሮጅን ስለሚጎድለው ገበሬው የሚያውቃቸው ዩሪያና ዳፕ ተመጥነው ይጨመራሉ። በገንዳው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን በሊትር 2 ሚሊግራም አካባቢ ሊጠበቅ ይገባል።

የገንዳውን ጤንነት ለማወቅ በየጠዋቱ አንድ ሊትር በሚይዝ መለኪያ ሲሊንደር ከገንዳው ቀድቶ ለ30 ደቂቃ ሳያንቀሳቅሱ ማስቀመጥ በቂ ነው። ቡናማው ዝቃጭ ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ላይ ተኝቶ ከላይ ጥርት ያለ ውሃ ከታየ ሥራው ደህና ነው፤ ዝቃጩ ሳይተኛ ከተንሳፈፈ ወይም የላይኛው ውሃ ከደፈረሰ ችግሩ ወደ ቱቦው አፍ ከመድረሱ በፊት ማረም ይቻላል። መብራት ሲጠፋ መንፊያዎቹ ስለሚቆሙ ባክቴሪያዎቹ በሰዓታት ውስጥ መታፈን ይጀምራሉ፤ የምርት ማሽኖች ጄኔሬተር ተገዝቶላቸው ማጣሪያው ያለ ጄኔሬተር የቀረበት ፋብሪካ ማጣሪያ አለው ለማለት ያዳግታል። አዋጅ ቁጥር 300 ለብክለት መቆጣጠሪያ የሚውሉ አዳዲስ መሣሪያዎች በባለሥልጣኑ ከተረጋገጡ ከጉምሩክ ቀረጥ ነጻ እንዲሆኑ ማበረታቻ ስለሰጠ፣ «ዋጋው አይቀመስም» የሚለው ምክንያት ከመነገሩ በፊት ይህ መብት መጠየቅ አለበት። የቢራ ፋብሪካ ፍሳሽ ለመብላላት የተመቸ በመሆኑ አየር በሌለበት ገንዳ ታክሞ ጋዝ ሊያስገኝ ይችላል፤ እርሾውና አተላው ወደ ቦይ ሳይሆን ወደ ከብት መኖ ይሂድ።

ደረጃ 6፦ የከተማው ድርሻ

ጥፋቱን ሁሉ ለፋብሪካ መስጠት ቀላል ነው። ይሁንና ሽንት ቤቱን ከጎርፍ ቦይ ጋር ያገናኘ ቤት፣ የሞተር ዘይት የሚደፋ ጋራዥና ወንዝ ዳር የተከፈተ መኪና እጥበት ተደምረው ከአንድ ፋብሪካ አያንሱም። አዋጁ የከተማ አስተዳደሮች የከተማ ቆሻሻን እንዲሰበስቡ፣ እንዲያጓጉዙና እንዲያክሙ ግዴታ ጥሎባቸዋል። ከተማው በቅድሚያ ማድረግ ያለበት ለሽንት ቤት ፍሳሽ ማንሻ መኪናዎች የዝቃጭ ማድረቂያ መደብ ማዘጋጀት ነው፤ የሚደፉበት ቦታ ካልተሰጣቸው ወንዝ ዳር ይደፉታል። በቄራም ደሙ ለብቻው ተጠራቅሞ ካልተያዘ የተቀረው ማጣሪያ ሁሉ ይሸነፋል።

በደሴ አቅራቢያ እንዳለው የሐይቅ ከተማ ሐይቅ መውጫ የሌለው የውሃ አካል ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ከዙሪያው እርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያና ከሎጆች የሚወጣው የሳሙና እጣቢ ወደ ሌላ የሚሄድበት መንገድ ስለሌለው ዓመት በዓመት ይጠራቀማል። በዳርቻው ደንገልና ፊላ እንዳይታረስ መጠበቅ ርካሹ ማጣሪያ ነው። የጨፋ ረግረግም ይህንኑ ሥራ ለቦርከና ይሠራል፤ ነገር ግን ረግረግ ብረታ ብረትን በጭቃው ያስቀረዋል እንጂ አያጠፋውም፣ በዚያው ጭቃ ላይ በበጋ ከብት ይግጥበታል።

ደረጃ 7፦ እስኪስተካከል ድረስ በቤት ውስጥ

የደፈረሰ ውሃ በንጹሕ ነጠላ ታጥፎ ከተጣራና ከተረጋ በኋላ አንዴ በደንብ ይፍላ፣ ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ ክሎሪን በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ወደ ጄሪካኑ ተጨምሮ 30 ደቂቃ ይቆይ። ይህ የሚገድለው ጀርም ብቻ ነው። ክሮምና ሌሎች ብረታ ብረቶች በመፍላት አይጠፉም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ላይ ይበረታሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚመክረው የክሮም ጣራ በሊትር 0.05 ሚሊግራም ሲሆን፣ ይህን ያለፈ ውሃ በቤት ውስጥ በሚገኝ ዘዴ ለማዳን መሞከር ትርፉ ድካም ነው፤ ከሌላ ምንጭ ወይም ከቦኖ መቅዳት ግድ ይላል። ውሃ ለመግዛትና ለማጓጓዝ የወጣው ገንዘብ፣ እንዲሁም ለታመመ ሰውና ከብት የተከፈለው ሕክምና በኋላ ለሚቀርብ የካሳ ጥያቄ ማስረጃ ስለሚሆን፣ ደረሰኙ ቀኑ ተጽፎበት ከአቤቱታው ቅጂ ጋር በአንድ ፋይል ይቀመጥ።